የከርከሮው የላይኛው ጥርስ

ነሐሴ ነበር፤ ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ። ሐይቁ አጠገብ ባለችው ጫኖ በቆሎው እሸት ይዟል፤ ስኳር ድንቹም መሬቱን መሰንጠቅ ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት ከጨንቻ ተራራ ደመና ይወርድና ሜዳውን ሁሉ ይከድነዋል፤ ፀሐይ የምትታየው ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ልጆች፣ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ከርከሮ ቀን የሚንቀሳቀስ አውሬ ነው፤ ብርድ አይወድም። ሰማዩ ከከበደ ከጉድጓዱ ለመውጣት ይለግማል። እኛም የሄድነው ያንን ስንፍናውን አምነን ነው።

ሦስት ነበርን። አንዱ ማቴዎስ ነው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ማሳው የእሱ ነው። ያን ጊዜ አርባ ዓመት አልሞላውም፤ ሙዝና በቆሎ የሚያለማ፣ እሁድ እሁድ ቸርች መዝሙር የሚመራ፣ ጠንካራ ሰው። ሁለተኛው ጋሽ ባሳ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሐይቁ ዳር ተወልደው ዕድሜያቸውን በአደን የጨረሱ ሽማግሌ። ሦስተኛው እኔ። ቦቢ የሚባል የማቴዎስ ውሻም ነበር፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ጠቅሟል። ማቴዎስ ዛሬ ግራ እግሩን እየጎተተ ሲሄድ የምታዩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። «ከርከሮ ወጋው» እየተባለ ይወራል። ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ ልንገራችሁ፤ ትናንት ከመካከላችሁ አንዱ የከርከሮ ጥርስ በፌስታል ጠቅልሎ አምጥቶ «ጋሼ፣ በዚህ እጀታ ሥራልኝ» ሲለኝ ለምን እንደጮህኩበት ይግባችሁ።

እኔ ቢላዋ ሠሪ አይደለሁም። ስንት ጊዜ ልንገራችሁ? ብረት አልቀጠቅጥም። ስለቱን ደጋ ያሉ ቀጥቃጮች ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ያወጡታል፤ እኔ እጀታ ነው የምገጥመው። መካኒክ ነበርኩ፤ ብረት የሚነክስ ሞርሳ አለኝ፣ የሚበሳ ትራፓኖ አለኝ፣ ሞረድ በየዓይነቱ አለኝ። ሌላው ሰው ከሥራ መልስ ካርታ ይጫወታል፤ እኔ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ እንጨት እሞርዳለሁ። ብቻ ይህ መዝናኛ የሚሉት ነገር ከመካኒክነቱ ይልቅ ደሜን አፍልቶታል። ከጨንቻ ወይራ አመጣለሁ፤ እዚያ ብርድ ላይ ድንጋይ የመሰለው እንጨት እዚህ ታች ሲቀላ ከተማ ሙቀት ውስጥ አንድ ወር ሳይቆይ ይሰነጠቃል። የበሬ ቀንድ ቀቅዬ አቀናለሁ፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይጎብጣል። እጀታውን ከብረቱ የሚያያይዘውን ሪቬት መትቼ ልጨርስ ስል የመጨረሻዋ መዶሻ እጀታውን ለሁለት ትከፍለዋለች። ባለቤቴ «ይሄን ነገር ለመዝናናት ነው የጀመርከው?» ትለኛለች።

በዚያ ዓመት ደግሞ የባሰው መጣ። ሐይቁን ሊያይ የመጣ አንድ ፈረንጅ መኪናው ተበላሽቶበት እኔ ዘንድ አመጡት። የተበጠሰ ጎማ ቱቦ ልንቆርጥ ስንል ከወገቡ ቢላዋ መዘዘና ሰጠኝ። እጀታውን ስጨብጠው እጄ ደነገጠ። የበሰለ ቅቤ ዓይነት ቀለም አለው፤ ጉብጠቱ መዳፍ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ አይቀዘቅዝም፣ አይሞቅም፣ አይንሸራተትም። «ምንድነው?» ብዬ በምልክት ጠየቅኩት። ሁለት ጣቶቹን አፉ ጥግ ላይ ቀስሮ እንደ አሳማ አጉረመረመልኝ። ከርከሮ! በየማሳው ድንጋይ የምንወረውርበት ከርከሮ! ቢላዋውን መለስኩለትና ቤቴ ገብቼ የራሴን ሥራ ደርድሬ ሳየው ሁሉም የመጥረቢያ እጀታ መስሎ ታየኝ። ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን ለራሴም አይገባኝም ነበር።

እንዲህ ሆኜ ሳለ ነው ማቴዎስ ለገበያ ሲቀላ መጥቶ በረንዳዬ ላይ የተቀመጠው። ፊቱ ጠቁሯል።

«ጋሼ ይልማ፣ ከርከሮዎቹ ጨረሱኝ» አለኝ። «የበቆሎውስ ይሁን፤ አሁን ስኳር ድንቹን በአፍንጫቸው እያረሱ ነው። ለልጆቹ ምን ላብላ? አንዱማ በጣም ትልቅ ነው። ጥርሱ እዚህ ይደርሳል» ብሎ ጣቱን ከከንፈሩ ጥግ አንስቶ እስከ ጉንጩ አጥንት ጎተተ።

እኔ ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማሁት የመጨረሻውን ብቻ ነው።

«ጥርሱ ሁለቱም ሙሉ ነው? አልተሰበረም?» አልኩት።

ግራ ገባው። «ሙሉ ነው መሰለኝ» አለ።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኩት። ምስኪን፣ ለእሱ አዝኜ መስሎት ተነሥቶ አቀፈኝ። እኔም ዝም ብዬ ታቀፍኩ።

ቀበሌው ሰብል የሚያጠፋውን አውሬ እንድንመታ ፈቅዶልን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማሳው ጥግ ተገናኘን። የያዝነው ይህ ነው፦ ማቴዎስ አንድ ጦር፣ እኔ አንድ ጦር፣ ጋሽ ባሳ ከሁለታችን ጦር የሚበልጥ አሮጌ ጦራቸውንና አንድ ወፍራም የወይራ ዱላ። እኔ ወገቤ ላይ ቢላዋ አለኝ፤ ማቴዎስ መጫኛ ትከሻው ላይ ጠምጥሟል። ሁላችንም ያደረግነው ኮንጎ ጫማ ነው፤ ጭቃው ውስጥ ሌላ ጫማ አያዋጣም።

በቆሎው ውስጥ ስንገባ ያየሁትን ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ግማሹ ተገንድሶ ተኝቷል። በልቶት ቢሆን ባልከፋ፤ አንዱን ግንድ ይጥላል፣ አንድ ጊዜ ይገምጣል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ስኳር ድንቹ ማሳ ላይ ደግሞ በትራክተር የታረሰ ይመስል አፈሩ ተገልብጧል። ጋሽ ባሳ ጎንበስ ብለው ጭቃው ላይ ሁለት ክብ ጉድጓዶች አሳዩን። የጉልበቱ ቦታ ነው። ከርከሮ ሲቆፍር ተንበርክኮ ነው። በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ያለውን ርቀት በስንዝር ለኩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይቺ ቀላል አይደለችም» አሉ። እሳቸው ዘንድ አውሬ ሁሉ ሴት ነው፤ አማርኛን የለመዱት ከጎለመሱ በኋላ ነበር።

ዱካውን ይዘን ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ወረድን። ጤዛው የረገፈበት ሣር መንገዱን ያሳየናል። አንድ ግራር ሥር ጋሽ ባሳ ቆሙ። ግንዱ ላይ ጭቃ ተለቅልቋል፤ አውሬው ከጭቃ ወጥቶ የታከከበት ነው። ጭቃው እስከ ጭኔ ይደርሳል፤ ገና እርጥብ ነው። ከጭቃው መካከል ሁለት ረጅም ቀይ ፀጉሮች ተጣብቀዋል። ማቴዎስ ፀጉሮቹን አንሥቶ ለጋሽ ባሳ ሰጣቸው። እኔ ጥርሱ ግንዱን የፋቀበትን ቦታ ነበር የምፈልገው። አገኘሁትም፤ ቅርፊቱ ላይ በሁለት በኩል ጣት የሚያስገባ ሰርጥ አለ። ልቤ በደስታ ዘለለ። ሁለቱም ሙሉ ናቸው ማለት ነው።

ጉድጓዱ የምስጥ ኩይሳ ሥር ነበር፤ አዋልዲጌሳ የሚባለው ምስጥ በል አውሬ ቆፍሮ የተወው፣ አፉ ሰፊ ጉድጓድ። ጋሽ ባሳ ከሩቅ ቆመው ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ዝንቦቹ ቀሰሩ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ዝንቦች ይሽከረከራሉ፤ ባዶ ቤት ዝንብ አይጠራም። ከኩይሳው ጀርባ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ሌላ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ከውስጥ የሚገናኝ።

አሁን የምላችሁን በደንብ ስሙ፤ ሰው የሚሞትበት እዚህ ላይ ነው። ከርከሮ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው በኋላው ነው። ቂጡን አስቀድሞ ይገባና ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ይተኛል። ስለዚህ ሲወጣ ዞር ማለት፣ ማሰብ የለም፤ ከተኛበት ተወርውሮ ነው የሚወጣው። ጉድጓዱ አፍ ፊት ለፊት የቆመ ሰው አለቀለት። ጋሽ ባሳ ሥርዓቱን አስቀመጡልን። አንዱ ሰው ከኩይሳው በላይ፣ ከጉድጓዱ አፍ አናት ላይ ይቆማል፤ ዱላ ይዞ። አፍንጫው ብቅ ሲል፣ ሌላ ሳይጠብቅ፣ አፍንጫውን በዱላ ይለዋል።

«አፍንጫ አንድ ጊዜ ስትመታ ሁሉ ነገር ይጠፋባታል። ትቆማለች። ጦር ከዚያ በኋላ ነው» አሉ።

እሳቸው ቦቢን፣ ጦራቸውንና ረጅም እንጨት ይዘው ወደ ኋለኛው ቀዳዳ ሊሄዱ፣ ማቴዎስ አናት ላይ ሊቆም፣ እኔ ከጎን ሆኜ ጦር ይዤ ልጠብቅ ተስማማን። ዱላቸውን ለማቴዎስ ሰጡትና ሄዱ።

እዚህ ላይ ነው ያበላሸሁት። ዱላውን አየሁት። የጭንቅላቱ ውፍረት የሕፃን ራስ ያህላል። ያ ዱላ አፍንጫው ላይ ሲያርፍ፣ ከአፍንጫው አጠገብ ያሉት ሁለቱ ጥርሶች እንደ ሸክላ ሲበታተኑ በዓይኔ ታየኝ። ስንት ወር ያሰብኩት እጀታ፣ ማቴዎስ እግር ሥር ስባሪ ሆኖ። ወደ ማቴዎስ ተጠጋሁና በሹክሹክታ፣ በዚያ አዋቂ አዳኝ በሚመስለው ድምፄ፣

«ዱላውን ተወው» አልኩት። «እንዲህ ዓይነቱ ትልቅ አፍንጫው አይሰማውም፤ ዱላው ይንሸራተትበታል። ትከሻው እስኪወጣ ጠብቅና በጦር ጀርባውን በለው።»

እንዲህ ያለ ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እዚያው ቆሜ ነው የፈጠርኩት።

ማቴዎስ ጋሽ ባሳ ወደሄዱበት አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«እርግጠኛ ነህ ጋሼ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እሺ» አለና ዱላውን ከእግሩ ሥር አስቀምጦ ጦሩን አነሣ። ዱላው ከኩይሳው ላይ ተንከባለለና እኔ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

ከኋላ ቦቢ መጮህ ጀመረ። ጋሽ ባሳ እንጨቱን ወደ ቀዳዳው እየሰደዱ ይጎረጉራሉ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ከእግራችን በታች፣ ከመሬቱ ውስጥ፣ አንድ ከባድ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። አፈር ከጉድጓዱ አፍ ተረጨ። ዝንቦቹ ተበተኑ።

አፍንጫው ብቅ አለ። ይህን አየሁ፤ ማቴዎስም አይቷል። ያኔ ዱላ ቢኖረው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ማቴዎስ ግን ታዛዥ ሰው ነው፤ ትከሻውን ጠበቀ። ትከሻ የሚባል ነገር ለብቻው አልወጣም፤ አፍንጫ፣ ትከሻ፣ ቂጥ፣ ሁሉም ባንዴ ነው የወጣው። ጦሩን ሲያወርደው አውሬው አልፎታል፤ ብረቱ የጀርባውን ቆዳ ጭሮ መሬት ላይ ተሰካ። ማቴዎስ ኃይሉን ሁሉ ሰጥቶት ስለነበር ጦሩን ተከትሎ ከኩይሳው ላይ ተንሸራተተና ከአውሬው ኋላ በእጁ ወደቀ።

ከርከሮው ሊሸሽ ይችል ነበር። ግን ቆዳው ተጭሯል፣ ተቆጥቷል። ዞረ። ማቴዎስ ሊነሣ ሲል ከጭኑ ሥር ገባና ራሱን ወደ ላይ ወረወረ። የላይኛው ጥርስ ነው የሚያምረው፤ እኔ የፈለግኩትም እሱን ነው። የሚቆርጠው ግን ከሥሩ ያለው አጭሩ ነው፤ ቀን ከሌት ከላይኛው ጋር እየተፋጨ እንደ ምላጭ የተሳለ። አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ ተሰማኝ።

«እግሬን! ጌታ ሆይ፣ እግሬን!»

ጦሬን ወረወርኩ። ሳትኩት። ያን ጊዜ አውሬው ማቴዎስን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። ከእኔ እስከ እሱ አምስት እርምጃ አይሞላም። ዓይኑ ትንሽ ናት፤ ጭራው እንደ አንቴና ቀጥ ብላለች። ወደ ኋላ ስሸሽ እግሬ ዱላው ላይ አረፈ። እንዴት እንዳነሣሁት አላውቅም። ብቻ ሲደርስብኝ ባለ በሌለ ኃይሌ አፍንጫውን አልኩት።

ልጆች፣ አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። ጋሽ ባሳ እንዳሉት ሆነ። እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደና በጉልበቱ ወደቀ። የት እንዳለ የጠፋው መሰለ። ጋሽ ባሳ ከኩይሳው ጀርባ እየሮጡ መጥተው አሮጌ ጦራቸውን ከፊት እግሩ ኋላ ሰኩት። አለቀ።

ጥርሱስ? ሙሉ ነበር። ሁለቱም። አንድ ጭረት እንኳ የለባቸውም። ያን ሁሉ የሳሳሁለት ጥርስ በዱላ አይሰበርም ነበር። ደግሞ ይህንን ልብ በሉ፤ የማቴዎስ እግር በነበረ ጊዜ ለጥርሱ አሰብኩ፤ የእኔ እግር ሲሆን ጥርስ የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ።

ጋሽ ባሳ ነጠላቸውን ቀድደው ቁስሉን ጠቀጠቁ፤ እኔ ቀበቶዬን ከላይ አጥብቄ አሰርኩ። ደሙ አልቆም ስላለ እሳቸው ፈትተው እንደገና አሰሩት። ሦስቱን ጦሮች ደርድረን በመጫኛው አስረን ቃሬዛ ሠራን፤ ላዩ ላይ የሙዝ ቅጠል። ጩኸቱን የሰሙ ገበሬዎች ደርሰውልን እስከ አስፋልቱ ተሸከምነው። አንድ ባጃጅ ቆመልን፤ እግሩ ስለማይታጠፍ በጎን ወጥቶ እኔ በሁለት እጄ ይዤለት ሆስፒታል ደረስን። መንገዱን ሙሉ መዝሙር ያጉረመርም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኑን ገልጦ «ማሳው ላይ ሌሎቹም አሉ ጋሼ» አለኝ። ሰው እንዲህ ሆኖ ስለ ስኳር ድንች ያስባል።

ሐኪሙ እግሩ እንደሚተርፍ፣ ጅማቱ ግን እንደተቆረጠ ነገረን። ባለቤቱ ማርታ ከጫኖ ሮጣ መጣች። መጀመሪያ ያለችኝ፣

«ምን ሆኖ ነው? ማቴ እኮ ስቶ አያውቅም» ነው።

አፌን ከፈትኩ። «በጣም ፈጠነበት» አልኳት።

ማቴዎስ ዓይኑን እንደጨፈነ «ዘገየሁ ማርታ። እጄ ዘገየ» አለ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ሲሻለው እነግረዋለሁ ብዬ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ባሳ ቤቴ መጡ። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ፤ ሁለቱ የላይኛው ጥርሶች። አውሬው ሞቶ ሳለ ዓይኔ የት እንደነበረ አይተዋል ማለት ነው። ልወረውራቸው ይገባኝ ነበር። ተቀበልኳቸው። «ጉዳቱ አንዴ ደርሷል፤ ቢያንስ እነዚህ አይባክኑ» አልኩ። ራሴን የማታልልባቸው ቃላት አያልቁብኝም።

አሁን ደግሞ የጥርሱን ነገር ስሙ፤ ቪዲዮ ላይ በሦስት ደቂቃ ሲያልቅ የምታዩትን። ስቀቅለው ግቢው ሸተተ፤ ጎረቤት በአጥር አንገቱን እያሰገገ ጠየቀ። ባለቤቴ «ይሄን ርኩስ ነገር ኩሽናዬ እንዳታስገባ» ብላ ድስቱን ጣለችው። የሴት ወግ ነው ብዬ አለፍኩ። ጥርሱ ውስጡ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው፤ ይህን ማን ነገረኝ? እጀታው ውስጥ የሚገባው የቢላዋው ጭራ ቀጥ ያለ ነው፤ ጥርሱ ጎባጣ ነው፤ ሁለቱ አይስማሙም። ጭራውን በእሳት አግዬ ላጎብጠው ስል ከልክ በላይ ጎበጠ፤ ላቃናው ስል ተሰነጠቀ፤ ሌላ ስለት ፍለጋ ደጋ ወጣሁ። ትራፓኖዬ ሲበሳው ጋለና የመጀመሪያው ጥርስ እጄ ላይ ጠጭ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱንም ቁራጭ ግድግዳ ላይ ወረወርኳቸው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለማቴዎስ እግር አላለቀስኩም፤ ለጥርሱ አለቀስኩ። ይኸው ነገርኳችሁ።

ሁለተኛውን ውኃ እያንጠባጠብኩ በእጅ በሳሁት፤ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ባዶውን በሙጫና በራሱ በጥርሱ ዱቄት ሞላሁት። አፉ ላይ የነሐስ ቀለበት አለበስኩት። በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው እስከ ልስልሱ ወረድኩ፤ በመጨረሻ በአመድና በጨርቅ ወለወልኩት። እውነቱን ልናገር፤ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥ ነው። የፈረንጁን ያስንቃል። ለመስቀል ለማቴዎስ ልሰጠው ወሰንኩ። ካሳ ነው አልኩ። ልቤ የሚፈልገው ግን እንዲያደንቅልኝ ነበር።

ጴንጤ ይሁን ኦርቶዶክስ፣ ጋሞ አገር መስቀል መስቀል ነው። ጫኖ ስደርስ ግቢው በዘመድ ሞልቷል። በሬው ተጥሎ ሥጋው ተሰቅሏል። ማቴዎስ ወንበር ላይ ነው፤ ግራ እግሩ በርጩማ ላይ ተዘርግቷል። ከስቷል። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ቢላዋውን ከጨርቁ አውጥቼ ሰጠሁት፤ ሰው ሁሉ ከበበን። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አባቱ፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ፣ ተቀብለው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ሞከሩ። ከተሰቀለው ሥጋ ሊቆርጡ ጠጋ አሉና ቆም ብለው፣

«ይሄ የምን ቀንድ ነው?» አሉኝ።

«ቀንድ አይደለም። የዚያ የከርከሮው ጥርስ ነው» አልኩ፤ ደረቴን ነፍቼ።

ሽማግሌው ቢላዋውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። ውኃ አስመጥተው እጃቸውን ታጠቡ።

«ይሄ ሥጋችንን አይነካም» አሉ። ቁጣ የለባቸውም። አንዱ ሳቀ። ሌላው ከሲቀላ የተገዛ የፕላስቲክ እጀታ ያለው ቢላዋ አመጣና ሥጋው መቆረጥ ጀመረ። ያን ያህል ቀን ከጥርስ ጋር ስታገል፣ እኔን ጨምሮ ሁላችንም ከርከሮ እንደማንበላ ረስቼው ነበር። አፍሬ፣ ተናድጄ፣ ልሄድ ተነሣሁ።

«እስቲ አቀብሉኝ» አለ ማቴዎስ።

ከመሬት አንሥተው ሰጡት። ተቀብሎ እጀታውን በቀስታ አገላበጠው። በጣቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው።

«ጥርሱን ምንም አልነካውም» አለ። «ጋሼ፣ ወድቄ ሳለሁ አይቼሃለሁ። አፍንጫውን በዱላ መታኸው። አንድ ጊዜ ነው። ቆመ።»

«አዎ።»

«ለእኔ ግን አይሰማውም አልከኝ።»

ማርታ ሥጋ የያዘ ሳህን ይዛ ከአጠገቡ ቆማለች።

«ለዚህ ነበር?» አለኝ፤ እጀታውን ከፍ አድርጎ።

«አዎ» አልኩት። «ጥርሱ እንዳይሰበር ብዬ ነው። የነገርኩህ ውሸት ነው፤ እዚያው ነው የፈጠርኩት።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢወረውርብኝም አይገርመኝም ነበር። እሱ ግን ትልቅ ትንፋሽ አወጣ፤ ትከሻው ሲወርድ አየሁት።

«እኔ እኮ እጄ የከዳኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «ጦሬን ለወንድሜ ሰጠሁት። ማሳውን ለሌላ ሰው በእኩል እንስጥ፣ እኔ ከእንግዲህ አልረባም ብዬ ለማርታ ነግሬያት ነበር። ተኝቼ ሳስበው የነበረው ይሄንን ነው። ጋሼ በዚህ ዕድሜው ያቆመውን እኔ እንዴት አቃተኝ እያልኩ።» ከዚያ ወደ ባለቤቱ ዞሮ፣ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ሆኖ፣ «ማርታ፣ ሰማሽ? እጄ አልዘገየም» አላት።

ማርታ እሱን አላየችውም። እኔን ነበር የምታየኝ። ሳህኑን ይዛ ወደ ቤት ገባች።

ማቴዎስ ቢላዋውን በስለቱ በኩል ይዞ እጀታውን ወደ እኔ አድርጎ መለሰልኝ። «ሥራህ ያምራል» አለኝ፤ ከልቡ ነው። ጦሩን ከወንድሙ አስመለሰ። ማሳውንም ለማንም አልሰጠም፤ እያነከሰ ያርሰዋል። እኔና እሱ ዛሬም እንጠያየቃለን። ማርታ ሰላም ትለኛለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቤቷ ስገባ ተቀመጥ ብላኝ አታውቅም፤ መብቷ ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ ለሰው ምክር ልሰጥ አፌን ስከፍት መጀመሪያ ራሴን የምጠይቀው ነገር አለ፤ ከዚህ ምክር እኔ የማገኘው ምንድነው? መልሱ ካላማረኝ ዝም እላለሁ። ለዚህ ነው አንዳንዴ ስትጠይቁኝ የማልመልስላችሁ።

እግሩን ሐኪም ሰፋለት። በእጁ ላይ የነበረውን እምነት ግን የነጠቅኩት እኔ ነበርኩ፤ እውነቱን ተናግሬ በሁለት ቃል ልመልስለት ስችል ከአርባ ቀን በላይ እጀታ ስሞርድ ከረምኩ።